ለምን ዴልታ ሆንኩ

በ1990ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) የነበረችው ዋሽንግተን ዲሲ ዛሬ የለችም። ያኔ ዩ ስትሪት ላይ ብዙ ቤቶች ታሽገው ነበር፤ እንጀራ ያማረው አዳምስ ሞርጋን፣ 18ኛው መንገድ ድረስ ይሄዳል። አባቶቻችን ታክሲ ይነዳሉ፣ እናቶቻችን ሆቴል ያጸዳሉ። አዲስ አበባ የምንደውለው የስልክ ካርድ ፍቀን ነው። ዓርብ ዓርብ ሀዋርድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያርድ የምንለው ሜዳ ላይ የሴቶቹ ማኅበራት አባላት በእግርና በእጃቸው ምት እየጨፈሩ ሲወጡ ክፍል ያለው ሁሉ ክፍሉን ይረሳ ነበር።

እነዚህ በግሪክ ፊደላት የሚጠሩ ማኅበራት ሶሮሪቲ ይባላሉ። ሰው የሚያውቃቸው ከፊልም ነው፤ ትልቅ ቤትና ድግስ። የጥቁር አሜሪካውያኑ ግን ታሪኩ ሌላ ነው። አባልነቱ በምረቃ አያበቃም፤ የሰባ ዓመት አዛውንትና የሃያ ዓመት ልጅ እኩል «ሶሮር» ይባባላሉ። ዴልታ ሲግማ ቴታን ጥር 1913 የመሠረቷት 22 የሀዋርድ ተማሪዎች ናቸው። ሁለት ወር ሳይሞላቸው፣ ሴቶች የመምረጥ መብት እንዲሰጣቸው በፔንሲልቬኒያ ጎዳና በተደረገው ሰልፍ ወጡ። አዘጋጆቹ ጥቁር ሴቶች ከኋላ እንዲሆኑላቸው ይፈልጉ ነበር፤ ከዳር የቆመው ሕዝብም ይሳደብና ይገፋ ነበር። ልጆቹ ግን ተሰለፉ።

ይህን ታሪክ የሰማሁት ከገባሁ በኋላ ነው። ያስገባኝ ጆርጂያ አቬኑ ላይ የተዘረጋ አንድ ጠረጴዛ ነው።

ዴልታዎች መራጮችን ይመዘግቡ ነበር። እኔ ዜግነት ስላልነበረኝ አልመርጥም፤ የዶርም ጓደኛዬን ላግዝ ነበር የሄድኩት። ከጠረጴዛው ኋላ ደማቅ ቀይ ባርኔጣ ያደረጉ አዛውንት ተቀምጠዋል፤ እስክሪብቶዎቹ እንዳይወሰዱ በክር ከጠረጴዛው እግር ጋር አስረዋቸዋል። ከየት ነሽ አሉኝ። ኢትዮጵያ ስላቸው የያዙትን ወረቀት አስቀመጡት።

ጣልያን በ1935 አገራችንን ሲወር እሳቸው የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበሩ። እናታቸው ሳንቲም በመሐረብ ጫፍ ቋጥረው፣ ለኢትዮጵያ ሲዋጣ እንዲሰጡ ቤተ ክርስቲያን ሰደዷቸው። አባታቸው ደግሞ ማታ ማታ ጋዜጣውን ጮክ ብለው ያነቡላቸው ነበር። ከቺካጎ ሄዶ ለንጉሡ አውሮፕላን ያበረረውን ጆን ሮቢንሰንን ነገሩኝ። መላኩ በያን ሕክምና የተማረው እዚሁ ሀዋርድ እንደሆነ፣ ፕሮፌሰር ሊዮ ሃንስበሪም ስለ ጥንታዊቷ ኢትዮጵያ ያስተምሩ እንደነበር ከእሳቸው ሰማሁ። ከእኔ ወገን ማንም አልነገረኝም ነበር።

በዚያ ዘመን እኛ ቤት «እኛ» እና «እነሱ» ይባል ነበር። ከጥቁር አሜሪካዊ ልጅ ጋር ስንታይ የሚከፋቸው ዘመዶች ነበሩን። ይህ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል። በትውልድ አገር የተመደበውን ኮታ የሻረውና ለአፍሪካ ስደተኛ በሩን የከፈተው የ1965 የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ የወጣው፣ ጥቁር አሜሪካውያን በውሻና በዱላ እየተሳደዱ ለመብታቸው በታገሉበት ዘመን ነው። እኔ ሳልወለድ እንደ ዘመድ ቆጥረውናል። እንግዲህ ዴልታ የሆንኩት ዝምድናውን ከእኔም በኩል ለመቀበል ነው።

እናቴ ስነግራት «የየትኛው ጻድቅ ማኅበር ነው?» አለችኝ። የተማሪ ሴቶች ነው፣ እማዬ፤ ሲታመሙ ይጠያየቃሉ፣ ሲሞቱ ይቀባበራሉ አልኳት። «እንግዲያማ ማኅበር ነው፤ ግቢ» አለች። በምረቃዬ ቀን አዛውንቷን ስታገኛቸው የጋራ ቋንቋ ሳይኖራቸው ተቃቅፈው ቆሙ።

አዛውንቷ አርፈዋል፤ እናቴም እንደዚያው። አሜሪካ ልጅ የምታሳድጉ ወገኖቼ፣ በ1935 ለኢትዮጵያ ያዋጡ ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች ጎረቤቶቻችሁ ናቸው። ቤታችሁ ጥሯቸው፣ ቡና አፍሉላቸው፤ ሲያወሩም ልጆቻችሁ አጠገባቸው ይቀመጡ።