ቤዙ፣ ኦቨርሎኩና እቁቡ

እቁቡ የወጣልኝ ባለፈው ሐምሌ፣ ሐሙስ ማታ ነው። ሃያ ሰው ነን፤ በየወሩ 4,000 ብር እንጥላለን። ሰብሳቢያችን ደውለው "እንኳን ደስ አለህ፣ መምህር" ሲሉኝ ከአሞራ ገደል ወደ ቤት በባጃጅ እየሄድኩ ነበር። ዝናብ ይጥላል። ቤዝ ጊታሬ ጉልበቴ ላይ ተጋድሟል። ስልኩን ዘግቼ ሰፈሬ እስክደርስ ድረስ 80 ሺህ ብሩን አውጥቼ ጨርሼው ነበር። በልቤ።

ያወጣሁበትም ነገር የታወቀ ነው። ከዚያ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ፣ እዚሁ ሐዋሳ ለረጅም ዓመታት ቤዝ የተጫወቱና ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰው ወደ ልጆቻቸው ዘንድ ውጭ አገር ሊሄዱ መሆኑን ነግረውኝ ነበር። ፌንደር ጃዝ ቤዝ አላቸው። የሜክሲኮ ሥሪት ነው፤ ጀርባው ላይ የቀበቶ ዘለበታቸው የፋቀው ምልክት አለ። "ለሌላ ሰው ዘጠና እላለሁ፤ ላንተ ሰባ አምስት" አሉኝ። ለዕቃው ብዙ አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 አልፏል። ከውጭ የሚገባ የሙዚቃ መሣሪያ ሁሉ አብሮት ወጥቷል። እንዲህ ያለ ዕቃ በዚህ ዋጋ እንደገና እንደማላገኝ አውቃለሁ።

እኔ ቀን ቀን ፊዚክስ አስተምራለሁ፤ ከሐሙስ እስከ ቅዳሜ ማታ ሐይቁ አጠገብ ባለ አንድ ሆቴል ቤዝ እጫወታለሁ። የሠርግ ወቅት ሲሆን ደግሞ እሁድም አለ። ቤዜን በ2003 ዓ.ም. አዲስ አበባ ወጥቼ በ4,500 ብር ነው የገዛሁት። ያኔ ትልቅ ገንዘብ ነበር። የፋብሪካው ስም ከራሱ ላይ ከተፋቀ ቆይቷል። መቃኛ ቁልፎቹ ይንሸራተታሉ። ሰባተኛው ፍሬት ላይ ክሩ ይንዘረዘራል። ከሁሉ የባሰው ግን አንገቱ ከፍ ባለ ቁጥር ድምፁ ከቅኝቱ መውጣቱ ነው።

ይህን ለተማሪዎቼ በክር አሳያቸዋለሁ። ክርን እኩል መሃሉ ላይ ብትይዙት የንዝረቱ ፍጥነት እጥፍ ይሆናል። የቤዝ ኤ ክር ባዶውን 55 ኸርዝ ነው፤ 12ኛው ፍሬት ላይ ሲያዝ 110 መሆን አለበት። የእኔው ግን ከ110 ትንሽ ያልፋል። ትንሽ ናት፤ ግን ባቲ እየተዘፈነ ወደ ላይ ስወጣ ማሲንቆ ተጫዋቹ ዞር ብሎ ያየኛል። ምንም አይልም። ያየኛል ብቻ።

ሌላም አለ፤ ይጮኻል። ሳልጫወት ዝም ብዬ ስቆም እንኳ "እምምም" ይላል። የመብራታችን ሞገድ 50 ኸርዝ ነው፤ ዝቅተኛው የቤዝ ጂ ኖታ ደግሞ 49። ስለዚህ ቤዜ ከኖታው ትንሽ ከፍ ያለች፣ ቅኝት የሳተች አንዲት ጂ ሌሊቱን ሙሉ ያንጎራጉራል ማለት ነው። ቢያንስ ጓደኞቼን የማስቅበት ቀልድ ነበር።

ቤት ስደርስ ባለቤቴ ኩሽና ውስጥ ነበረች። "እቁቡ ወጣልን" አልኳት። "ተመስገን!" አለችና እጇን በሽርጧ ጠርጋ መጥታ ተቀመጠች። ፊቷን ሳይ ገባኝ። እሷም ገንዘቡን አውጥታ ጨርሳዋለች። በልቧ።

ባለቤቴ የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ሲመረቅ ከመጀመሪያዎቹ ሠራተኞች አንዷ ነበረች። ልብስ ስፌት እዚያ ነው የተማረችው። አሜሪካ ኢትዮጵያን እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ጀምሮ ከአጎዋ የቀረጥ ነፃ ዕድል ስታስወጣ ሥራቸውን ካጡት ውስጥም አንዷ ሆነች። ከዚያ ወዲህ ቤት ነው የምትሠራው፤ በእናቷ የእግር ሲንጀር። ሲንጀሩ ቀጥ አድርጎ ይሰፋል፤ የጨርቁን ጫፍ ግን አይዘጋም። ጫፉን እየቆረጠ በሦስት ወይም በአራት ክር የሚጠቀልለው ኦቨርሎክ ነው። ኦቨርሎክ ስለሌላት የሰፋችውን ሁሉ በፌስታል ይዛ ፒያሳ ወዳለ ሱቅ ትሄዳለች፤ ወረፋ ትጠብቃለች፤ በፍሬ ትከፍላለች። ያገለገለ ግን ደህና ኦቨርሎክ በ52 ሺህ አግኝታለች።

52 እና 75። ስንት እንደሚሆን ለፊዚክስ መምህር አይነገረውም።

"አንተ ምን አስበህ ነበር?" አለችኝ። ነገርኳት። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ተነስታ ከመሳቢያው አንድ ደብተር አወጣች። ሐምሌ ነውና የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ወቅት ነው። ደብተሩ ላይ የመለሰችውን ሥራ በቀን ጽፋዋለች፦ የአንድ ትምህርት ቤት 120 ሹራብና ሱሪ፣ የመዘምራን ልብስ፣ የሦስት ሚዜ ቀሚስ። አጠገቡ "ኦቨ." የሚል ምልክት አለ። በኦቨርሎክ ምክንያት የቀረ ማለት ነው።

"ያንተስ?" አለች። "በቤዙ ምክንያት የቀረብህ ሥራ ስንት ነው?"

ቶሎ መልስ ነበረኝ። የስቱዲዮውን ነገር አነሳሁባት። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ዘፋኝ ልጅ ሥራው ላይ ቤዝ እንድጫወት ወሰደኝ። በደስታ ሄድኩ። ዘፈኑ ሲወጣ ግን ቤዙ የእኔ አልነበረም፤ አቀናባሪው በኪቦርድ ተክቶታል። ያን ጊዜ ለሁሉም የተናገርኩት አንድ ነገር ነው፤ "መሣሪያዬ ጥሩ ስላልሆነ ነው።"

ይህ ለምን እንዳመመኝ ቤዝ ያልተጫወተ ሰው ላይገባው ይችላል። የእኛ ሙዚቃ ባለ ሙሉ ባንድ በነበረበት ጊዜ ቤዝ የራሱ ሰው ነበረው። ዋልያስ በ1977 እ.ኤ.አ. "ቼ በለው"ን ሲያወጡ መላኬ ገብሬ ነበር። የአይቤክስና በኋላም የሮሃ ባንድ ቤዝ ጆቫኒ ሪኮ ነበር፤ ያ ባንድ ያጀበው ካሴት ተቆጥሮ አያልቅም። ዋሽንግተን ውስጥ አድማስ የተባሉት ልጆች እ.ኤ.አ. በ1984 በራሳቸው ገንዘብ ሸክላ ሲያሳትሙ ሄኖክ ተመስገን ቤዝ ይዞ ነበር፤ በኋላ አገሩ ተመልሶ የጃዝአምባ የሙዚቃ ትምህርት ቤትን ከመሠረቱት አንዱ ሆነ። በመካከሉ ግን የደርግ ሰዓት እላፊ የማታውን ሥራ አደቀቀው። በእኛ አቆጣጠር ከ1980ዎቹ ወዲህ ደግሞ ኪቦርዱ መጣ። አንድ ሰው ብቻውን ድራሙን ከማሽን፣ ዜማውን በቀኝ እጁ፣ ቤዙን በግራ እጁ ይጫወታል። ለሠርግ ቤት ርካሽ ነው፤ አንድ ሰው ይከፈላል፤ አንድ ሰው ራት ይበላል።

እኔ እንግዲህ ከአንድ ሰው ግራ እጅ ጋር ነው የምወዳደረው። ያን ፌንደር የፈለግኩት ለዚህ መሰለኝ። ይዤው ስቆም ማንም "ኪቦርዱ ይበቃናል" እንዳይለኝ።

ጋሼን ለሁለት ቀን ብቻ እንዲያውሱኝ ለመንኳቸው። "ውሰድ፤ ግን አታግባው" አሉኝ እየሳቁ። ቅዳሜ ጠዋት አንዱን መስመር በሁለቱም ቤዝ ተጫውቼ በስልኬ ቀዳሁ። መጀመሪያ ትዝታ፣ ቀጥሎ ችክችካ፣ መጨረሻ ላይ ሰው ሁሉ የሚነሳበት ፈጠን ያለ የወላይታ ምት። ባለቤቴ ጀርባዋን ሰጥታ እየሰፋች ታዳምጣለች።

ልዩነቱ አለ። የለም ብሎ መዋሸት አይቻልም። ፌንደሩ እያንዳንዱን ኖታ እኩል ያወጣል፤ አንዱ ወፍሮ ሌላው አይቀጥንም። ሁለቱንም ፒክአፕ ሙሉ ስከፍታቸው ጩኸቱ ጠፋ። 12ኛው ፍሬት ላይ ኤ ክር 110 ነው፤ ልክ 110። እጄ አልደከመም። አንዳንዴ ያልሞከርኩትን ነገር ስሞክር ራሴን ያዝኩት።

ማታ ሆቴል ይዤው ሄድኩ። እዚያ ግን ሌላ ነገር አየሁ። የሆቴሉ ሁለት ስፒከሮች ትንንሾች ናቸው፤ የኢ ክር 41 ኸርዝ ላይ ሲነዝር መሠረታዊውን ድምፅ በደንብ አያወጡትም። ሰው የሚሰማው ከሱ በላይ ያሉትን ተከታይ ድምፆች ነው፤ የጎደለውን ጆሮው ራሱ ይሞላዋል። ስለዚህ ያ ሁሉ ጥራት ስፒከሩ በር ላይ ቀረ። ለእጄ ደርሷል፤ ለአሳ ጥብሱ ተመጋቢ ግን አልደረሰም። ማሲንቆ ተጫዋቹ ብቻ ዞር ብሎ አየኝና ፈገግ አለ። እውነቱን ለመናገር ያቺ ፈገግታ ራሷ 75 ሺህ ታወጣለች ብዬ ነበር ያን ሌሊት።

እሁድ ግን የሸሸሁትን አደረግኩ። የስቱዲዮው ጥሬ ቅጂ ፍላሽ ላይ አለኝ፤ ሁለት ዓመት አልከፈትኩትም ነበር። ጆሮ ማዳመጫ አድርጌ ከፈትኩት። እምምም ይላል፤ እውነት ነው። ወደ ላይ ስወጣ ከቅኝት እወጣለሁ፤ ይህም እውነት ነው። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ግን ከድራሙ ቀድሜ እየሮጥኩ ነው። ደጋግሜ ሰማሁት። ከድራሙ ቀድሞ መሮጥን የትኛውም ፌንደር አያቆመውም። አቀናባሪው የመለሰው ቤዙን ብቻ አልነበረም።

ለባለቤቴ አሰማኋት። "እዚህ ጋ ቸኩለሃል" አለች፤ ስንኙን ሳልነግራት። በማሽን ስትሰፋ የኖረች ሴት ናት፤ ምት ሲዛነፍ ታውቃለች።

ድሆች ስንሆን የምንጽናናበት ወሬ አለ፤ "ዋናው እጅ ነው፣ መሣሪያ ምን ያደርጋል" የሚል። የሞታውኑ ጄምስ ጀመርሰን ክሩ ካልተበጠሰ አይቀይርም ነበር እያልን እንጠቅሳለን። ግን ራሳችንን አናታልል፤ ያ ያልተቀየረ ክር የተወጠረው ፌንደር ፕሪሲዥን ላይ ነበር። መሣሪያ ያደርጋል። ለባለቤቴ ኦቨርሎክ የሚያደርገውን ያህል። ጥያቄው መሣሪያው ይጠቅማል ወይ አይደለም፤ አሁን መንገዱን የዘጋብኝ እሱ ነው ወይ ነው። የእሷን መንገድ የዘጋው መሣሪያ መሆኑን ደብተሯ ይናገራል። የእኔን የዘጋው ግን ምን እንደሆነ እስከዚያ እሁድ ድረስ ጽፌው አላውቅም።

ሰኞ ፌንደሩን መለስኩ። አፍሬ ነበር። ጋሼ አላስከፉኝም፤ "አሮጌውን አምጣው እስቲ" አሉኝ። ጠረጴዛ ላይ አስተኝተው በአንድ ዓይናቸው አንገቱን ቁልቁል አዩት። "ጎብጧል እኮ! ቁልፉ የት አለ?" የምን ቁልፍ? የቦርሳውን የጎን ኪስ ከፈቱ፤ ፋብሪካው አብሮ የሰጠው ባለ ስድስት ጎን ቁልፍ በላስቲኩ እንደተጠቀለለ ወጣ። 14 ዓመት ሙሉ ተሸክሜዋለሁ። "መምህር ነኝ ትላለህ ደግሞ" አሉኝ።

የአንገቱን ብረት ሩብ ዙር አጠበቁ፤ ቆዩ፤ እንደገና ትንሽ። ብሪጁ ላይ ያሉትን የክር መቀመጫዎች አንድ በአንድ ወደ ኋላ እየሳቡ 12ኛውን ፍሬት ከባዶው ክር ጋር አስማሙት። ያረጁትን ፍሬቶች አንድ የብረት ሠራተኛ ልጅ በቀጭን ሞረድ አስተካከለልን። አዲስ ክርና አዲስ መቃኛ ቁልፎች ከአዲስ አበባ በሚመጣ ሰው አስመጣሁ። ሁሉም ተደምሮ 6,300 ብር። ጩኸቱ አልጠፋም፤ ቀነሰ። ቅኝቱ ግን ገባ። ፌንደር አልሆነም። ራሱን ሆነ።

ፌንደሩን ከዲላ የመጣ አንድ ወጣት ገዛው። ሲያወጡለት አየሁት፤ ዓይኑ በራ። ቀናሁበት፤ ዛሬም እቀናበታለሁ።

ኦቨርሎኩ ነሐሴ መጀመሪያ ላይ በጋሪ መጣ። 120ው ዩኒፎርም አምልጦናል፤ ሌላ 60 ግን ጳጉሜን ከማለቁ በፊት ደረሰ። የቀረው ገንዘብ ለልጆቹ ትምህርት ቤት ሄደ። ማታ ማታ እሷ ስትሠራ እኔ ስልኬ ላይ ሜትሮኖም ከፍቼ ያንን ሁለተኛ ስንኝ እደጋግማለሁ፤ በዝግታ። አንዳንዴ "ሮጥክ" ትለኛለች፣ ቀና ሳትል።

አዲሱ እቁብ ጥቅምት ላይ ጀመረ። እኔም ደብተር ገዛሁ። በቤዙ ምክንያት የቀረብኝን ሥራ በቀን እጽፋለሁ፤ በእኔ ምክንያት የቀረውን ደግሞ በሌላ ገጽ። እስካሁን የመጀመሪያው ገጽ ላይ አንድ መስመር አለ፤ ሁለተኛው ላይ ሦስት። የመጀመሪያው ሲበልጥ እጣው ከእሷ ማሽን ወደ እኔ ይዞራል ተባብለናል። ደብተሩን የምታየው እሷ ናት።