በኒው ዮርክ ከተማ የሐበሻን አገር ስም የያዘችው ቤተ ክርስቲያን

ከአገሩ ርቆ የተጓዘ ሰው በባዕድ ከተማ የአገሩን ስም ተጽፎ ቢያነብ ቆም ብሎ መመልከቱ አይቀርም። በተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት፤ በኒው ዮርክ ከተማ፤ ሐርለም በሚባለው የታወቀ የጥቁሮች አሜሪካውያን ሰፈር የምትገኘው የአቢሲኒያ ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ኢትዮጵያዊውን መንገደኛ እንዲህ ታቆመዋለች። አቢሲኒያ የውጭ አገር ሰዎች አገራችንን ቀድሞ ይጠሩበት የነበረ ስም መሆኑ የታወቀ ነው። ቤተ ክርስቲያኒቱ የኢትዮጵያውያን አይደለችም፤ የጸሎቷም ሥርዓት ከአገራችን ሥርዓት የተለየ ነው። ሆኖም ይህን ስም ከ200 ዓመት በላይ ተሸክማ ስለ ኖረች፤ የፊተኞቹ ምን አስበው እንደ መረጡት፤ ልጆቻቸውም በምን ሥራ እንደ ጠበቁት ማወቅ ለእኛ የሚገባ ነገር ነው። በዚህ ጽሑፍ የምናነሣቸው ዓመታት፤ ለይተን ካልተናገርን በቀር፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ወደዚያ የሚሄድ ሰው ከከተማው መካከል ቁጥሩ 2 ወይም 3 በሆነው የምድር ውስጥ ባቡር ተሳፍሮ በ135ኛው መንገድ ይወርዳል። ከጣቢያው ወጥቶ ዙሪያውን ሲመለከት በአንድ ወገን የሐርለም ሆስፒታል፤ በሌላው ወገን ደግሞ የጥቁር ሕዝብ የታሪክ መጻሕፍትና ሰነዶች የተሰበሰቡበት ሾምበርግ የሚባለው ታላቅ ቤተ መጻሕፍት ይታያሉ። አውራ ጎዳናው ሌኖክስ ይባላል፤ ከጊዜ በኋላም የማልኮም ኤክስ ስም ተጨምሮለታል። ከዚያ ወደ ሰሜን ሦስት መንገድ ያህል ተራምደው በ138ኛው ላይ ወደ ምዕራብ ሲታጠፉ ከግራጫ ድንጋይ የተሠራችው ቤተ ክርስቲያን በግራ በኩል ትገኛለች። ቁመቷ እንደ ታላላቆቹ የአውሮፓ ካቴድራሎች ሰማይ የሚነካ አይደለም፤ ከጎረቤቶቿ መኖሪያ ቤቶች ጋራ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግታ ቆማለች። በውስጧ መቀመጫዎቹ በሰባኪው ዙሪያ እንደ ግማሽ ክብ ሆነው ስለ ተደረደሩ፤ ሕዝቡ ሰባኪውን ብቻ ሳይሆን እርስ በርሱም ይተያያል። በ1993 የከተማው አስተዳደር በታሪካዊ ቅርስነት መዝግቧታል።

የቤተ ክርስቲያኒቱ ታሪክ የተጀመረው በመቀመጫ ምክንያት ነው። በ1808 በኒው ዮርክ በነበረችው የመጀመሪያይቱ ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ጥቁሮች ምእመናን ከነጮች ጋራ በአንድነት እንዳይቀመጡ ተከልክለው ለብቻቸው በተለየ ስፍራ እንዲሆኑ ይደረግ ነበር። ከእነርሱም አንዳንዶቹ፤ አንድ አምላክ እያመለኩ በሁለት ወገን መለያየት አይገባም ብለው ተነሥተው ወጡ። ከቦስተን የመጡ ቶማስ ፖል የሚባሉ ጥቁር ሰባኪ ረድተዋቸው የራሳቸውን ጉባኤ አቋቋሙ። የቤተ ክርስቲያኒቱ ሰዎች ከአባቶቻቸው ተቀብለው እንደሚናገሩት፤ ከወጡት ሰዎች መካከል በመርከብ የመጡ የኢትዮጵያ ነጋዴዎች ነበሩ፤ ስሙም የተሰጠው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ በሆነበት ጊዜ በኒው ዮርክ ግዛት ባርነት ገና በሕግ አልተሻረም ነበር፤ ፈጽሞ የተሻረው በ1827 ነው። እንግዲህ የወንድሙን መሸጥና መለወጥ የሚያይ ሕዝብ ለጸሎት ቤቱ ስም በፈለገ ጊዜ፤ በመጽሐፍ ቅዱስ የተነሣችውን፤ ማንም ባዕድ ያልገዛትን የጥቁር ሕዝብ ክርስቲያን አገር ስም መረጠ። ስሙ ለእነርሱ ሰው መሆናቸውን የሚመሰክሩበት ማኅተም ሆነላቸው። እኛ በዚያው ዘመን በመሳፍንት ተከፋፍለን እርስ በርሳችን እንዋጋ ነበር። ባሕር ማዶ ያሉ ሰዎች ግን ያንኑ ስም የክብርና የአንድነት ምልክት አድርገው ይዘውት ነበር። ይህን ማሰብ ያስገርማል፤ ትንሽም ያሳፍራል።

ቤተ ክርስቲያኒቱ በከተማው የታችኛው ክፍል ከስፍራ ወደ ስፍራ ስትዘዋወር ኖራ፤ በ1908 ፓስተር አዳም ክሌይተን ፓወል ተሾሙባት። እርሳቸውም ጥቁሮች ወደ ሐርለም መጉረፋቸውን አይተው ቤተ ክርስቲያኒቱ ሕዝቧን እንድትከተል መከሩ፤ የዛሬው ሕንፃም በ1923 ተመረቀ። ከምእመናኑ ብዙዎቹ በሰው ቤት የሚያገለግሉና በጉልበታቸው የሚያድሩ ነበሩ፤ ቢሆንም ከሚያገኙት ዐሥራት እያወጡ የሕንፃውን ዕዳ በ1928 ከፍለው ጨረሱ። ወዲያው ግን በዓለም ላይ ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት መጣና በሐርለም ሥራ ፈትቶ የሚራብ ሰው በዛ። ፓስተሩ በ1930 ከራሳቸው ደመወዝ 1,000 ዶላር ሰጥተው ለተራቡት በነፃ የሚያበላ ማዕድ ቤት እንዲከፈት አደረጉ። በዚያው ጊዜ ዲትሪሕ ቦንሖፈር የሚባል ወጣት የጀርመን ሊቅ ለትምህርት ኒው ዮርክ መጥቶ በዚህች ቤተ ክርስቲያን የእሑድ ትምህርት ለልጆች ያስተምር ነበር። ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላ የሒትለርን መንግሥት ተቃውሞ በሚያዝያ 1945 በስቅላት ተገደለ። የሚበደል ሕዝብ እንዴት አድርጎ እንደሚጸልይ በሐርለም ያየው ነገር በልቡ እንደ ቀረ ታሪኩን የጻፉት ሁሉ ይናገራሉ።

በ1937 የአባታቸውን ስፍራ የተረከቡት ልጃቸው፤ ስማቸውም እንደ አባታቸው አዳም ክሌይተን ፓወል የሚባለው፤ ነገሩን ወደ አደባባይ አወጡት። በሐርለም ዋና የገበያ መንገድ ላይ የነበሩት ሱቆች የጥቁሩን ገንዘብ ይቀበላሉ እንጂ ለልጁ ሥራ አይሰጡም ነበር። ስለዚህ ሥራ ከማይሰጥ ሱቅ አንገዛም የሚል አድማ ተደረገ። በ1941 ደግሞ አውቶቡሶቹ ጥቁር ሾፌርና መካኒክ አንቀጥርም ስላሉ፤ የሐርለም ሕዝብ አልሳፈርም ብሎ በእግሩ ሄደ። ኩባንያዎቹም በመጨረሻ ጥቁሮችን ለመቅጠር ተስማሙ። ሁለተኛው ፓወል በ1944 ለሕግ መምሪያው ምክር ቤት ተመረጡ፤ ከኒው ዮርክ ተመርጠው ከገቡት ጥቁሮችም የመጀመሪያው ናቸው። ከ1961 ጀምሮም የትምህርትና የሥራ ጉዳይ ኮሚቴ ሊቀ መንበር ሆነው የደኻውን ኑሮ የሚነኩ ብዙ ሕጎች በእጃቸው አለፉ።

ይህች ቤተ ክርስቲያን በመከራችን ጊዜ ዝም አላለችም። በ1935 ኢጣልያ አገራችንን ለመውረር በምትዘጋጅበት ወራት የሐርለም ሰዎች ለኢትዮጵያ መከላከያ የሚመክሩበትን ታላቅ ስብሰባ በዚህች ቤተ ክርስቲያን አድርገው ነበር። በ1936 ዶክተር መላኩ በያን ወደ ኒው ዮርክ መጥተው በዚያው በሐርለም ተቀመጡ። በ1937 የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን የሚባለውን ማኅበር አቋቁመው ለስደተኞችና ለአርበኞች እርዳታ ይሰበስቡ ነበር፤ የአገራቸውን ነፃነት መመለስ ሳያዩ በ1940 ዐረፉ። ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1954 አሜሪካን በጎበኙ ጊዜ ለቤተ ክርስቲያኒቱ የኢትዮጵያ መስቀል ሰጡ፤ ያ መስቀል የቤተ ክርስቲያኒቱ ይፋ ምልክት ሆኗል። እኛ በራሳችን አቆጣጠር የ2000 ዓ.ም. በዓል ባከበርንበት በ2007 ከመቶ በላይ የሚሆኑ የቤተ ክርስቲያኒቱ ሰዎች የስማቸውን አገር ለማየት ወደ ኢትዮጵያ መጥተው ነበር፤ በሚከተለው ዓመትም 200ኛ ዓመታቸውን አከበሩ።

ከ1989 እስከ 2022 ቤተ ክርስቲያኒቱን የመሩት ፓስተር ካልቪን በትስ ሐርለም ወና በሆነበት ዘመን የተሾሙ ናቸው። በዚያን ጊዜ ብዙ ቤት ተቃጥሎ፤ ብዙውም ባለቤቱ ጥሎት ይታይ ነበር። በ1989 የተመሠረተው የአቢሲኒያ ልማት ድርጅት የፈረሱትን ቤቶች እያደሰ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ሰዎች መኖሪያ አደረገ፤ በታላቁ ዳኛ በተርጉድ ማርሻል ስም የተጠራው ትምህርት ቤትም እንዲቋቋም ረዳ። በ1999 በ125ኛው መንገድ ላይ ትልቅ የምግብ ገበያ ተከፈተ፤ ከዚያ በፊት የሰፈሩ እናቶች ትኩስ አትክልትና ሥጋ በደኅና ዋጋ ለማግኘት ሩቅ መሄድ ነበረባቸው። ፓስተሩ ልጆች በሚያልፉበት መንገድ የተሰቀሉትን የሲጋራና የመጠጥ ማስታወቂያዎች ከተከታዮቻቸው ጋራ ሆነው በነጭ ቀለም ይቀቡ እንደ ነበር ብዙ ሰው ያስታውሳል።

ይሁን እንጂ እውነቱን መሸፈን አይገባም። ሰፈሩ በተሻሻለ መጠን የቤት ኪራዩ ናረ፤ ሐርለምን በችግሯ ጊዜ ያልተዉ ብዙ ቤተ ሰቦች ኪራዩ ስለ ከበዳቸው ወደ ሌላ አገር ሄዱ። ያ የምግብ ገበያ ያለበት መሬት ተሸጦ ገበያው በ2015 ተዘጋ። ለደኻ ተብሎ የተሠራ መልካም ነገር ባለጠጋውን ይጠራል፤ ባለጠጋውም ሲመጣ ደኻው ይወጣል። በ1808 ከመቀመጫ ተነሥተው የወጡት ሰዎች የልጅ ልጆች ዛሬ ከሰፈራቸው እንዳይነሡ የሚታገሉ ሆኑ። ከፓስተር በትስ ዕረፍት በኋላ በ2024 የተመረጡት ፓስተር ኬቪን ጆንሰን የተረከቡት ሥራ ይህ ነው።

በእሑድ ቀን ወደዚያ የሚሄድ ሰው ይህን ሁሉ ጭንቀት በሕዝቡ ፊት ላይ አያነብም። ባልቴቶቹ የክት ልብሳቸውንና ያጌጠ ባርኔጣቸውን አድርገው ይመጣሉ፤ አስተናጋጆቹ እንግዳውን በትሕትና ወደ መቀመጫው ይመራሉ፤ መዘምራኑ ሲጀምሩ ሕዝቡ ተነሥቶ በእጁ እያጨበጨበ ይቀበላቸዋል። ሰባኪው ሲናገርም ሕዝቡ ዝም ብሎ አይሰማም፤ አሜን፤ እውነት ነው እያለ ይመልስለታል። በሐዘን ቤት አልቃሽ ስታወርድ ከንፈሩን እየመጠጠ አብሯት የሚሄደውን ያገራችንን ሰው የሚያውቅ፤ ይህ ልማድ እንግዳ አይሆንበትም።

የሚመጣው ዓመት መንገድም በጥቁሮች አሜሪካውያን አብያተ ክርስቲያናት ልማድ የተመለከተ ነው። በጥር ወር በሦስተኛው ሰኞ የሚውለው የዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ በዓል ይከበራል። የካቲት ልጆች የአባቶቻቸውን ታሪክ የሚማሩበት ወር ነው። ሰኔ 19፤ በ1865 በቴክሳስ ለነበሩት ባሮች የነፃነት ቃል የተነገረበት ቀን፤ ከ2021 ጀምሮ የመላው አገሩ በዓል ሆኗል። በኅዳር ወር፤ ምርጫ በሚኖርበት ዓመት፤ መራጮች እንዳይቀሩ መቀስቀስና ሽማግሌዎችን ማድረስ አለ፤ በዚያው ወር በምስጋና ቀን ምግብ ለሌለው ማካፈል ይከተላል። የታኅሣሥ 31 ሌሊትም በጸሎት ይታደራል። ይህም በ1862 የዘመን መለወጫ ሌሊት በማግስቱ የሚጸናውን የፕሬዚዳንት ሊንከንን የነፃነት ዐዋጅ እየጠበቁ ያደሩት ሰዎች መታሰቢያ ነው። ማኅሌት ቆሞ የሚያድር ሕዝብ ይህን ሌሊት ሳይተረጎምለት ያስተውለዋል። ከዚያም አልፎ በ2033 ቤተ ክርስቲያኒቱ 225 ዓመት ይሞላታል።

ከአንባቢዎቻችን ለሥራ ወይም ለትምህርት ወደ ኒው ዮርክ የሚሄድ ሰው ቢኖር ወደ ሐርለም ደርሶ እንዲመለስ እንመክራለን። ለብዙ ዓመታት ከአውሮፓና ከእስያ የመጡ ጎብኚዎች መዝሙሩን እንደ ቴአትር ለመስማት በደጇ ተሰልፈው ታይተዋል። ኢትዮጵያዊ ግን እንደ ዘመድ ይግባ፤ ልብሱን አስተካክሎ፤ ፎቶግራፍ ማንሣቱን ትቶ፤ ጸሎቱ እስኪፈጸም ይቀመጥ፤ ሲወጣም እጅ ነሥቶ ከወዴት እንደ መጣ ይንገራቸው።

በአገሩ ለሚቀረውም የቤት ሥራ አለለት። በሠርግና በተዝካር፤ በግብዣና በስብሰባ፤ እገሌ ከላይ፤ እገሌ ከታች ማለትን እናውቅበታለን። መዓርግን ማክበር መልካም ልማድ ነው፤ ነገር ግን ማዕድ ያበሰለችው ሠራተኛና ደጅ የሚጠብቀው ዘበኛ በመጨረሻ ወዴት እንደሚቀመጡ፤ ከምንስ እንደሚበሉ የቤቱ ባለቤትና እመቤት ይመልከቱ። ልጆች ደግሞ ያያሉ። በአንድ መቀመጫ ምክንያት ተነሥተው የወጡ ሰዎች ክብራቸውን በአገራችን ስም ጠርተዋል፤ ያ ስም በየቤታችን የሚፈጸም ይሆን ዘንድ የሚቀረው የእኛ ድርሻ ነው።