የቆመ መኪናና የዋግ ብርድ

በዋግዋ ሰቆጣ ደጅ ላይ ወራት ቆሞ የሚከርም መኪና ሁለት ፈተና አለበት፦ የሐምሌና የነሐሴ እርጥበት፣ ከዚያም ከኅዳር እስከ ጥር የደጋው ውርጭ። ሰው የሚፈራው ሁለተኛውን ነው። እኔ ግን የመጀመሪያው ይብሳል ባይ ነኝ፤ ውርጭ ፀሐይ ስትወጣ ይለቃል፣ ምንጣፍ ስር የገባ ውሃ ግን ወለሉን ዝም ብሎ ይበላዋል።

ብዙዎቻችን መኪናውን በላስቲክ ጥፍንግ አድርገን ጠቅልለን የጠበቅነው ይመስለናል። ላስቲክ ዝናቡን ቢመልስም ከመሬት የሚነሳውን እንፋሎት አፍኖ ያስቀራል፤ ሌሊት ብረቱ ሲቀዘቅዝ ያ እንፋሎት ጠብታ ይሆናል። አየር የሚያሳልፍ ሸራ ይሻላል። ፀሐይ በወጣ ቀን ደግሞ በሮቹን ከፍቶ ማናፈስ።

እርጥበቱን ለመምጠጥ መኪናው ውስጥ የሚቀመጥ ጨውም ይረዳል። አሞሌ ሲራገፍበት ለኖረው የሰቆጣ ገበያ ጨው እንግዳ አይደለም፤ የአየሩ እርጥበት ከ75 በመቶ ሲያልፍ ውሃ ይስባል። ብቻ በጎድጓዳ ሳህን ይሁን፤ ብረት ላይ ከፈሰሰ ዝገቱን ራሳችን ጠራነው ማለት ነው።

የናፍጣ መኪና ከሆነ ጋኑን ሞልቶ ማቆም ጥሩ ነው፣ ባዶው ቦታ ላይ ጤዛ ስለሚፈጠር። (ነዳጅ ከተገኘ ነው እንግዲህ!) የእጅ ፍሬኑን ለቅቆ ጎማውን በድንጋይ መደገፍም አይረሳ፤ እርጥበት ፍሬኑን ያጣብቀዋል።

ራዲያተር ውስጥ ተራ ውሃ ያላችሁ፣ በተለይ ወደ ጋዝጊብላና ዳህና ከፍታዎች የምትወጡ፣ ከኅዳር በፊት በኩላንት ቀይሩት። ውርጭ የያዘው መስታወት ላይ ደግሞ የፈላ ውሃ አትድፉ፤ ይሰነጠቅባችኋል።