ስለ ማስታወስና ስለ መርሳት

ሰው በዓይኑ ካየውና በጆሮው ከሰማው ነገር ብዙውን በአእምሮው ያኖራል። ዳሩ ግን ያኖረውን ሁሉ በፈለገው ጊዜ አያገኘውም። ሽማግሌም ይረሳል፤ ሕፃንም ይረሳል፤ የተማረም ይረሳል። ስለዚህ መርሳት እንደ ምን እንደሚመጣና በምን እንደሚቀነስ ማወቅ ለሰው ሁሉ፥ ይልቁንም ለተማሪ፥ ይጠቅማል።

ምሳሌውን ስሙ። በወላይታ አገር፥ በዳሞታ ተራራ ሥር፥ ሁለት ጎረቤታሞች ነበሩ። አንደኛው በክረምት እህል ቢያልቅበት ከሁለተኛው በቆሎ ተበደረ። ሁለቱ ይተማመኑ ስለ ነበር ምስክር አልጠሩም፤ በጽሕፈትም አላኖሩትም፤ ከዚያም ወዲያ ስለ ብድሩ አንድ ቀን እንኳ አልተነጋገሩም። መከር በደረሰ ጊዜ አበዳሪው፥ «የሰጠሁህ 5 ቁና ነው» አለ። ተበዳሪውም፥ «3 ቁና ብቻ ነው» አለ። አንዱ ሌላውን ሐሰተኛ አለው። ቡና መጠራራት ቀረ፤ ልጆቻቸውም አብረው ውኃ መውረድን ተዉ።

በመጨረሻ ወደ ሽማግሌዎች ሄዱ። ሽማግሌዎቹም ሁለቱን ለየብቻ ጠየቁ፤ እህሉ በምን እንደ ተሰፈረ፥ ማን እንደ ተሸከመው፥ ስንት ጊዜ እንደ ተመላለሰ መረመሩ። ሁለቱም በቅን ልብ ይናገሩ ነበር፤ ነገር ግን አንዱም ነገሩን አጥርቶ አያውቅም። ስለዚህ ሽማግሌዎቹ፥ «ሁለታችሁም አልዋሻችሁም፤ ሁለታችሁም ረስታችኋል» ብለው በ4 ቁና አስታረቁአቸው።

ይህ ነገር እንዴት ይሆናል? ብዙ ጊዜ ሳይነሣ የቆየ ነገር ከአእምሮ ጥቂት በጥቂት ይጎድላል። አእምሮ ግን የጎደለውን እውነት በሚመስለው ነገር ይሞላዋል፤ የሞላውንም ከእውነተኛው ለይቶ አያውቅም። ባርትሌት የተባለ እንግሊዛዊ ሊቅ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1932 ዓመት ባሳተመው መጽሐፍ ይህንን አስረድቷል። ለሰዎች የማያውቁትን የሩቅ አገር ተረት አስነበባቸው፤ ከጊዜ በኋላ መልሱ ሲላቸው እንግዳ የሆነባቸውን ነገር ትተው በለመዱት ነገር ለውጠው ተናገሩ፤ ለማታለልም አላሰቡም። እንግዲህ ሰው፥ «በደንብ አስታውሳለሁ» ስላለ ብቻ ነገሩ እውነት አይሆንም።

ኤቢንግሐውስ የተባለ ጀርመናዊ ሊቅ ደግሞ የመርሳትን ፍጥነት በራሱ ላይ ለካ። ትርጉም የሌላቸውን ድምፆች ደርድሮ በቃሉ ያጠና ነበር፤ ጊዜ ካሳለፈ በኋላም እንደ ገና ሲያጠናቸው ከፊተኛው ድካሙ ምን ያህል እንደ ቀረለት ይመረምር ነበር። በ1885 ዓመት ባሳተመው መጽሐፍ እንደ ገለጠው፥ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከድካሙ ፍሬ ከግማሽ የሚበልጠው ጠፋ፤ በአንድ ቀን ከሦስት እጅ ሁለቱ ያህል ጠፋ፤ በአንድ ወርም ከአምስት እጅ አራቱ ያህል ጠፋ። መርሳት መጀመሪያ እንደ ጎርፍ ይፈጥናል፤ በኋላ ግን ይዘገያል። ደግሞም አንዱን ተራ በአንድ ቀን 68 ጊዜ ከመድገምና በሦስት ቀን ከፋፍሎ 38 ጊዜ ከመድገም የሚገኘው ጥቅም እኩል ያህል ሆኖ አገኘው። ድካሙን የሚቀንስ ብዙ መድገም ብቻ ሳይሆን አሳርፎ መድገም ነው።

የአገራችን አባቶች ይህንን ሳይለኩት በሥራ ያውቁት ነበር። በቤተ ክህነት ትምህርት ቤት ተማሪው በቀን መጽሐፉን ያነባል፤ ማታ ግን በጨለማ፥ ያለ መጽሐፍ፥ የቃሉን ትምህርት ከአፍ እየተቀበለ ይደግማል። የወላይታ ሽማግሌዎችም የጊፋታ በዓል የሚውልበትን ቀን ለማወቅ ጨረቃን እየተከታተሉ ይቈጥራሉ፤ ቈጠራው ቢቋረጥ ቀኑ ይጠፋባቸዋል። የእንሰትም ነገር እንዲሁ ነው። እናት እንሰቱን ፍቃ በቅጠል ጠቅልላ በጉድጓድ ትቀብረዋለች፤ ነገር ግን ቀብራ አትረሳውም። በየጊዜው ከፍታ ታየዋለች፥ ቅጠሉንም ትለውጣለች፤ ስለዚህ በችግር ጊዜ ለቤተ ሰቧ ምግብ ይሆናል። ትምህርትም እንደዚሁ በየጊዜው ካልተጎበኘ በሚያስፈልግበት ቀን አይገኝም።

እንግዲህ ብልህ ተማሪ እንዲህ ያድርግ። ዛሬ የተማረውን ከመተኛቱ በፊት መጽሐፉን ዘግቶ በቃሉ ይናገር፤ የጎደለበትን ከፍቶ ይመልከት። በማግሥቱ ይድገመው፤ ከሦስት ቀን በኋላ፥ ደግሞም ከሳምንት በኋላ ይድገመው። ዓይንን በመስመር ላይ ማስኬድ የሚያውቁ ያስመስላል፤ ዕውቀትን የሚፈትነው ግን የተዘጋ መጽሐፍ ነው። እንዲሁም ብድርና ቀጠሮ፥ ውልና አደራ ሲሆን፥ በአእምሮው ብቻ አይመካ፤ ቀኑንና ልኩን ይጻፍ። ወላጆቹ መጻፍ ያልተማሩ ከሆነ እርሱ ይጻፍላቸው፤ ፊደል የተማረው ለዚህም ነውና።

ባልንጀራው አንድን ነገር እርሱ ከሚያውቀው ለይቶ ቢናገር ግን ፈጥኖ ሐሰተኛ አይበለው። ምናልባት ባልንጀራው ረስቶ ይሆናል፤ ምናልባትም የረሳው እርሱ ራሱ ይሆናል። «በቃል ያለ ይረሳል፤ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው የአባቶች ምሳሌ ዕውቀትን ብቻ ሳይሆን ፍቅርንም ይጠብቃል።