ቤታቸው መኪና ላይ ነው

ቤት ማለት ምንድን ነው? ጣራና ግድግዳ ነው እንላለን። በሌሎች አገሮች አልጋና ምድጃ በተሠራለት መኪና ከነልጆቻቸው እየኖሩ አገር የሚያዩ ሰዎች አሉ። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ መኪና ብዙ አይታይም። ቤቱን ጭኖ የሚሄድ ሰው ግን በእኛም አገር አለ። እኛ አይተናል።

እኛ ሁለታችን የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነን። በክረምቱ መቱ ላይ ጎልማሶችን እናስተምራለን። ከተማሪዎቻችን መካከል አንዲት እናት አሉ። አንድ ሳምንት ይመጣሉ፤ አንድ ሳምንት ይቀራሉ። «እትዬ፣ ለምን ይቀራሉ?» ብለን ጠየቅናቸው። «ልጆቼ፣ ቤቴ ይሄዳል። ሲቆም እመጣለሁ» አሉን።

ባላቸው የአይሱዙ ሹፌር ናቸው። በደሌ ተከራይተውት የነበረውን ቤት ለቀዋል። ጎሬ ላይ ሌላ ቤት እስኪያገኙ ድረስ ሦስቱን ልጆች ይዘው መኪናው ላይ ይኖራሉ። ትምህርት ቤት ተዘግቷልና ልጆቹም ደስ ብሏቸዋል።

አንድ ቅዳሜ ጠመኔና ደብተር ልንገዛ በደሌ ሄድን። ስንመለስ መኪና አጣን። እነሱም ወደ ጎሬ ሊሄዱ ነበርና አሳፈሩን። ልጆቹ ከእናታቸው ጋር ጋቢና ገቡ። እኛ ከኋላ ሆንን። ጭነት ላይ መቀመጥ ደግ አይደለም፤ ሌላ መኪና ግን አልነበረም።

ቤቱ እንዲህ ነው። ከላይ ሸራ ተወጥሯል። በአንድ በኩል የጨውና የሳሙና ጭነት አለ። በሌላው በኩል ፍራሽ፣ ሁለት ጀሪካን ውሃ፣ የከሰል ምድጃና የልብስ ሳጥን አለ። ጀበናው እንዳይሰበር በጨርቅ ተጠቅልሎ ድስት ውስጥ ይጓዛል። አንድ ሕግ አለ። መኪናው ሲሄድ ልጅ ከኋላ አይቀመጥም።

ሌላም ነገር አየን። መኪናው በቆመ ቁጥር እናትዮዋ ልጆቻቸውን ይቆጥራሉ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ለምን እንደሆነ ነገሩን። በ1977 ዓ.ም. ወሎ ውስጥ ድርቅና ረሃብ በነበረ ጊዜ ወላጆቻቸው በሰፈራ ወደ ኢሉባቦር መጡ። በዚያ ሰፈራ ከሰሜን ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ወደ 600 ሺህ ሰዎች ተወስደዋል። ወዶ የመጣ አለ፤ ሳይወድ የመጣም አለ። በመንገድ ከቤተሰቡ የተለየ ብዙ ነው። እሳቸው ያኔ በእናታቸው ጀርባ የታዘሉ ሕፃን ነበሩ። «እናቴ፣ መኪና ላይ የልጁን እጅ የለቀቀ ልጁን አጣ ትል ነበር» አሉን።

ከበደሌ እስከ መቱ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በመካከሉ የያዩ ደን አለ። በዚህ ደን ቡና ሰው ሳይተክለው በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ይበቅላል። ዩኔስኮ የሚባለው የዓለም ድርጅት በ2002 ዓ.ም. ደኑን ከተጠበቁ ስፍራዎች ጋር መዝግቦታል።

ያዩን አልፈን ወደ ሁሩሙ ስንቃረብ መሸ። ዝናቡ ከባድ ነበር። አንድ ትልቅ ዛፍ ወድቆ መንገዱን ዘግቷል። ወደፊት መሄድ የለም፤ በጨለማ መመለስም የለም። ስለዚህ እዚያው አደርን።

ሁላችንም ከሸራው ሥር ገባን። ብርዱ ያንዘፈዝፋል። መካከለኛው ልጅ ጥርሱ ይንገጫገጭ ጀመር። አባትዮው የከሰል ምድጃውን አቀጣጥለው ወደ ውስጥ ሊያስገቡ አነሱ። እኛም ደስ አለን፤ «ጎሽ፣ ይግባ!» አልን።

እናትዮዋ ግን ተነሥተው መግቢያው ላይ ቆሙ። «አይገባም» አሉ። «ልጁ በረደው እኮ!» አሉ ባላቸው። «ይብረደው። ቤት ውስጥ ያልፈቀድኩትን እዚህ አልፈቅድም። የከሰል ጭስ ከጎረቤቴ ቤት ሰው ወስዷል» አሉ።

እኛ አፈርን። ይህን በትምህርት ቤት ተምረነዋል፤ በብርድ ጊዜ ግን ረሳነው። ከሰል በተዘጋ ቦታ ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዝ ይወጣል። መርዙ አይታይም፤ አይሸትም። መጀመሪያ ራስ ያምማል፤ ያቅለሸልሻል፤ ያደክማል። የተኛ ሰው ሳይነቃ ሊሞት ይችላል። ከሰሉ ባይጨስም መርዙ አለ። እንዲህ ያለ ነገር የደረሰበትን ሰው ቶሎ ወደ ነፋስ ማውጣት፣ ከዚያም ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ይገባል።

አባትዮው ምድጃውን መልሰው አወጡ። ዝናቡ ጋብ ሲል ውጭ ሻይ አፈሉ። የልጁን እርጥብ ልብስ አወለቅንለት። ልጆቹን መካከል አስተኝተን ጋቢ ደረብንላቸው። እኛ ዳር ዳሩን ተኛን። ልጁ ሞቀውና እንቅልፍ ወሰደው።

ሲነጋ የአካባቢው ገበሬዎች መጥረቢያ ይዘው መጡ። እኛም አገዝን። መንገዱ ተከፈተ። ልንሳፈር ስንል እናትዮዋ ቆጠሩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት አሉ። ወደ እኛም ዞረው አራት፣ አምስት አሉ።

መቱ አልወረድንም፤ ጎሬ ድረስ ሸኘናቸው። ከመቱ ወደ 25 ኪሎ ሜትር ነው። ጎሬ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ያለች የቆየች የነጋዴ ከተማ ነች። በ1894 ዓ.ም. አፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተዋዋሉት መሠረት ጋምቤላ ላይ የንግድ ጣቢያ ተከፈተ። የጎሬ ቡና በበቅሎ ወደዚያ ይወርድ ነበር። ባሮ ወንዝ በክረምት ሲሞላ መርከብ ከሱዳን ይመጣ ነበር። የያኔው ነጋዴ ክረምት እስኪመጣ ይጠብቃል፤ የዛሬው ሹፌር ክረምት እስኪወጣ ይጠብቃል።

ጎሬ ላይ ቤት ገና አልተገኘም ነበር። እናትዮዋ ደብተራቸውን አውጥተው «ያመለጠኝን ፊደል ጻፉልኝ፤ በመንገድ አጠናዋለሁ» አሉ። ጻፍንላቸው። እሳቸው ፊደል ከእኛ ይማራሉ። እኛም ያን ሌሊት ከእሳቸው ተምረናል።

እስቲ እንወያይ
1. እናትዮዋ ምድጃው እንዳይገባ የከለከሉት ለምንድን ነው?
2. በእናንተ ቤት ሌሊት ከሰል የሚነደው የት ነው? በርና መስኮቱስ ክፍት ነው?
3. ከልጆች ጋር መንገድ ስትወጡ ምን ምን ትይዛላችሁ?