ወደ ጅቡቲ ለምትወርጂው ልጄ፤ ስለ ካሜራው

ጎንደር፣ መስከረም 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

እናትሽ በሶውንና ድርቆሹን እያሰናዳች ነው። ከአዲስ አበባ የጻፍሽልኝ ደርሶኛል። ጅቡቲ ሥራ ከጀመርሽ በኋላ በመጀመሪያው የዓመት ፈቃድሽ ከባልደረቦችሽ ጋር በጀልባ ወደ ሙሻ ደሴት እንደምትሻገሩ፣ በመነጽርና በመተንፈሻ ቱቦ ባሕሩ ላይ ተንሳፍፋችሁ ዓሣና ኮራል እንደምታዩ ነግረሽኛል። ብዙ ገንዘብ ሳላወጣ የትኛውን የውሃ ውስጥ ካሜራ ልግዛ ብለሽም ጠይቀሽኛል። በስልክ ተነግሮ የሚያልቅ ስላልመሰለኝ ተቀምጬ ጻፍኩት።

ዋናውን ላስቀድም። ሻጩ መጀመሪያ የሚያሳይሽ ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ጥልቀት ነው። ይኼ 15 ሜትር ይወርዳል፣ ያኛው 30 ሜትር ይችላል ይልሻል፤ ቁጥሩ ባደገ ቁጥር ዋጋውም ያድጋል። በቱቦ የሚተነፍስ ሰው ግን የሚውለው ውሃው ገጽ ላይ ነው። ትንፋሹን ይዞ ጎንበስ ቢል ሁለት ሦስት ሜትር ቢወርድ ነው። ስለዚህ 10 ሜትር የሚችል ካሜራ ላንቺ ይበቃል፤ ትርፉ ከጀልባ ስትዘይ ውሃው ለሚመታው ምትና ጎሚኒው (የካሜራው በር ላስቲክ) ሲያረጅ ለሚቀንሰው አቅም መጠባበቂያ ይሆንሻል። ከዚያ በላይ የምትከፍይው ለማትደርሺበት ቦታ ነው።

የባሕር ፎቶ የሚያምረው በቅርበት ነው። ይህን ያወቅሁት በወጣትነቴ በሊማሊሞ ቁልቁል ወርጄ፣ አስመራን አልፌ ምጽዋ አንድ ፎቶ ቤት ተቀጥሬ በሠራሁበት ጊዜ ነው። እሑድ እሑድ ጉርጉሱም ወርደን በተውሶ መነጽር ከውሃው በታች እናይ ነበር። ውሃ ቀይ ቀለምን ከሁሉ አስቀድሞ ይውጣል። ቀይ ጥለት ያለው ነጠላ 5 ሜትር ላይ ብትዘረጊ ጥለቱ ደብዝዞ ወደ ግራጫና ቡናማ ይሄዳል፤ ሰማያዊው ግን ገና አለ። ብርሃኑ ደግሞ የሚጓዘው ከላይ ወደ ታች ብቻ አይደለም። ከዓሣው ተነስቶ እስከ ሌንስሽ ያለውም ውሃ ቀለም ይበላል። ሁለት ሜትር ጥልቀት ላይ ያለውን ዓሣ ከሦስት ሜትር ርቀት ብታነሺው ብርሃኑ 5 ሜትር ውሃ አቋርጦ ነው የሚደርስሽ። አንድ ሜትር ድረስ ተጠግተሽ ብታነሺው ግን ቀለሙ ከነሕይወቱ ይወጣልሻል። በዚያ ላይ በመነጽር ስታዪ ነገሩ ሁሉ ከእውነተኛ ቦታው ሩብ ያህል የቀረበ ይመስላል። ደረስኩበት ስትዪ ገና ነሽና ጥቂት ጨምረሽ ተጠጊ። ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ብርሃኑ ብዙ ሳይንጸባረቅ ወደ ውስጥ ይገባል።

ያኔ የባሕር ስር ካሜራ የባለጸጋ ዕቃ ነበር። በ1952 እና 1953 እ.ኤ.አ. ወደ ዳህላክ ደሴቶች የመጣው የጣሊያኖች ቡድን ብዙ መሣሪያ ጭኖ ነበር የመጣው፤ ፎልኮ ኩዊሊቺ "ስድስተኛው አህጉር" የተባለውን ባለ ቀለም ፊልም የሠራው ከዚያ ጉዞ ነው። በ1960 እ.ኤ.አ. ያለ ሳጥን ራሱ ውሃ የሚችል ካሊፕሶ የሚባል ካሜራ ፈረንሳይ ውስጥ ወጣ። ከ1963 ጀምሮ ኒኮን ኒኮኖስ ብሎ እየሠራው እስከ 2001 ድረስ ቆየ። ፎቶ ቤት ለምንሠራ ልጆች ስሙን ከመስማት በቀር የሚደረስበት አልነበረም። ዛሬ ልጄ ከመጀመሪያ ደመወዟ ቆጥባ የባሕር ካሜራ ልግዛ ስትለኝ ደስታዬ ልክ የለውም።

እንግዲህ ወደ ገበያው እንውረድ። ብር ከሐምሌ 2016 ወዲህ በገበያ ዋጋ መመንዘር ከጀመረ በኋላ የዛሬው ዋጋ ለነገ ስለማይሆን በዶላር እነግርሻለሁ። አንድ ዶላር ጅቡቲ ውስጥ 177 ፍራንክ ከሽርፍራፊ ስለሆነ ራስሽ ታሰይዋለሽ።

የኮዳክ ስም የያዘው ፒክስፕሮ ደብሊው ፒ ዜድ 2 ወደ 200 ዶላር፣ ማለትም ወደ 35,500 ፍራንክ ነው። 15 ሜትር ይችላል፣ አራት እጥፍ ያቀርባል፣ ቁልፎቹም በእጅ የሚጫኑ ናቸው። ጨለማ ላይ ይደክማል፤ ፎቶውም ከውድ ካሜራ ጋር አይወዳደርም። ነገር ግን ቀትር ላይ፣ ሁለት ሜትር ውሃ ውስጥ፣ አጠገብሽ ላለ ዓሣ ከበቂ በላይ ነው። በዚያው ዋጋ ጎፕሮ በ2024 እ.ኤ.አ. ሂሮ ብሎ ያወጣት ትንሿ ካሜራ አለች። ቪዲዮዋ ግሩም ነው፤ ሆኖም የምትችለው 5 ሜትር ብቻ ነው፤ ባትሪዋም አይወጣም። ታላላቆቿ ሂሮዎች ያለ ሳጥን 10 ሜትር ይወርዳሉ፤ ዋጋቸው ግን እጥፍ ነው። ኦኤም ሲስተም ቲጂ 7 ከእነዚህ ሁሉ ይበልጣል። ሌንሱ ብርሃን ይስባል፤ 1 ሳንቲ ሜትር ድረስ ተጠግቶም ያነሳል። ሲወጣ ዋጋው 550 ዶላር ገደማ ነበር። የባሕር ሥራ ቢሆን ሥራሽ እርሱን ግዢ እልሽ ነበር። ለዕረፍት ጉዞ ግን አያስፈልግሽም።

የእኔ ምርጫ ለአንቺ የኮዳኩ ነው። ጎፕሮን ያላልኩበት ምክንያት ሌንሱ እጅግ ሰፊ ስለሆነ ነው። ሰፊ ሌንስ ትልቁን ነገር ከነሙሉነቱ ይይዛል፤ ትንሹን ዓሣ ግን ነጥብ ያደርገዋል። ለአገርም አስቢ። ስትመለሺ ሳንካበር ላይ ጭላዳ ለማንሳት ብትሞክሪ ጭላዳው ሰው ስለማይሸሽ በኮዳኩ ይመጣልሻል፤ በጎፕሮ ግን ሜዳው ብቻ ነው የሚታየው። ገደል ላይ የቆመ ዋልያ በሁለቱም አይሞከርም። ውሃ የማያስገባ ካሜራ ለደባርቅ አቧራና ለሰሜን ተራራ ጉም ስለሚሆን ዓመቱን ሙሉ ሥራ አይፈታም።

ስልኬ ውሃ ይችላል ብለሽ እንዳትሞኚ። አይፒ 68 የሚባለው መለኪያ የተፈተነው በማይንቀሳቀስ ንጹሕ ውሃ ነው፤ ጨውና ማዕበል የለበትም። ውሃ ገብቶ ቢበላሽ ዋስትናው የማይሸፍነው ኩባንያ ብዙ ነው። በላስቲክ ከረጢት አድርጌ እሞክራለሁ ካልሽ መጀመሪያ በስልኩ ቦታ ደረቅ ሶፍት ከተሽ ሳፋ ውስጥ ግማሽ ሰዓት አስምጪው። ሶፍቱ ከረጠበ ከረጢቱ ለዳቦ መያዣ ይሁን። ሳይረጥብ ቢወጣም ውሃ ውስጥ መስታወቱ የጣትሽን ንክኪ ስለማይሰማ በድምፅ ቁልፉ እንዲያነሳ አስተካክለሽ ግቢ። አንድ ጊዜ ተነስቶ የሚጣለው ባለ ፊልሙም አለ፤ 27 ፎቶ ያነሳል። ጎንደር ላይ የእኔ ጨለማ ክፍል ከተዘጋ ቆይቷልና የት ልታሳጥቢው ነው? ተዪው።

ያገለገለ ካሜራ ሌላ ጊዜ ግዢ ብዬ እመክርሽ ነበር። የውሃውን ግን አዲስ፣ ከነደረሰኙ ግዢ። ሰው የተጠቀመበትን ጎሚኒ ታሪኩን አታውቂውም። የግድ ከሆነ የባትሪውን በር ከፍተሽ ብረቱ ላይ አረንጓዴ ወይም ነጭ ዝገት ፈልጊ፤ ካየሽ ጨው ገብቶበት ያውቃል ማለት ነው።

ጎሚኒውን ጠንቅቀሽ ያዢ። በባትሪውና በሚሞሪ ካርዱ በር ዙሪያ ያለችው ቀጭን ላስቲክ ናት ካሜራውን የምታድነው። የጠላ ጋን አፉ ሲመረግ አንዲት ስንጥቅ ከቀረችበት ጠላው እንደሚበላሽ፣ እዚህም አንዲት ፀጉር ወይም የአሸዋ ቅንጣት ጎሚኒው ላይ ከተኛች ውሃው መንገድ አገኘ ማለት ነው። በየዘጋሽው ቁጥር በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ጥረጊ፤ በጣትሽ ዳብሺ፤ መቆለፊያው ቀጭ እስኪል ዝጊ። አሸዋ ላይ ወይም ጀልባ ላይ ፈጽሞ አትክፈቺው። ባትሪሽን ሞልተሽ፣ ካርዱን አስገብተሽ ማታውኑ ቤት ውስጥ ዝጊና ውጪ።

ቤት ውስጥ የምልሽ ለአሸዋው ብቻ አይደለም። የጅቡቲ አየር ወበቅ ነው። በዚያ አየር ውስጥ የተዘጋ ካሜራ እርጥበቱን አብሮ ይዘጋበታል፤ ቀዝቀዝ ያለ ውሃ ሲነካው ሌንሱ ከውስጥ ላብ ያወጣል፤ ቀኑን ሙሉ የምታነሺው ጉም ይሆናል። ኤር ኮንዲሽነር ባለበት ደረቅ ክፍል ዝጊው። እዚህ ጎንደር ዘግተሽ ከወሰድሽውም እዚያ ከፍተሽ እንደገና ዝጊ። የእኛ ከተማ ከ2,100 ሜትር በላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ባሕሩ ዳር ካለው ሩብ ያህል ያንሳል፤ ስትወርጂ የውጪው አየር በሩን ወደ ውስጥ ይጫነዋል። ማታ ስትመለሺ ካሜራውን ሳትከፍቺ ንጹሕ ውሃ ውስጥ አሥር ደቂቃ ያህል ዘፍዝፈሽ ቁልፎቹን እየተጫንሽ ጨዉን አስለቅቂው። ከዚያ በጥላ ይድረቅ።

ፍላሹን አጥፊው። የጥምቀት ዕለት በፋሲል መጠመቂያ፣ ልጆቹ ከቀሃ ወንዝ በተሞላው ውሃ ውስጥ ሲዘሉ በፍላሽ ያነሳኋቸው ፎቶዎች ላይ ፍንጣሪው ሁሉ ነጭ ነጥብ ሆኖ ፊታቸውን ይሸፍነው ነበር። ባሕር ውስጥም የሚንሳፈፈው ደቃቅ ነገር ብርሃኑን መልሶ ወደ ሌንስሽ ይረጨዋል።

ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ፈቃድ ካገኘሽ ወደ አርታ በኩል ዌል ሻርክ የሚባለውን ግዙፍ ዓሣ ለማየት ይወስዷችኋል። በታጁራ ባሕረ ሰላጤ የሚመጡት አብዛኞቹ ገና ታዳጊዎች ናቸው፤ ምግባቸው ደቃቅ የባሕር ሕይወት ስለሆነ ሰው አይነኩም። የሚመጡትም ያ ምግብ ውሃውን ሲሞላው ነውና ውሃው የደፈረሰ ሆኖ ብታገኚው አትዘኚ። ተጠጊ ብዬሻለሁ፤ ለእርሱ ግን ሦስት ሜትርና ከዚያ በላይ ራቂለት፤ ከጭራው ደግሞ ይበልጥ ራቂ። አትንኪው፤ መንገዱንም አትዝጊበት። ኮራሉም ሕይወት ያለው ነገር ነው። ፎቶ ላንሳ ብለሽ እንዳትቆሚበት፤ በእግርሽ የሰበርሽው እስኪያገግም ዘመናት ይፈጅበታል።

አሁን ስለ ራስሽ ልናገር፤ ከካሜራው ይልቅ እንቅልፍ የሚነሳኝ ይኼ ነው። አንቺ የደጋ ልጅ ነሽ፤ ዋና በልጅነትሽ አልተማርሽም። ከጉዞሽ በፊት አዲስ አበባ ባለ የሆቴል ገንዳ አሠልጣኝ ይዘሽ ተለማመጂ። ለመለማመድ ብለሽ ጎርጎራ ጣና ውስጥ አትግቢ፤ ውሃው በደለል የደፈረሰ ስለሆነ ምንም አይታይበትም፤ ቢልሃርዝያም አለበት። ከካሜራው በተረፈሽ ገንዘብ ደህና መነጽር ግዢ። ማሰሪያውን ሳታጠልቂ ፊትሽ ላይ አድርገሽ በአፍንጫሽ ትንፋሽ ሳቢ፤ እጅሽን ስትለቂው ተጣብቆ ከቀረ ልክሽ ነው። ሹሩባሽ ከጠርዙ ስር እንዳይገባ ወደ ኋላ ሰብስቢው። የመጀመሪያውን ቀን ካሜራውን ጀልባው ላይ ትተሽ፣ ላይፍ ጃኬት ለብሰሽ መተንፈስን ብቻ ተለማመጂ። ካሜራ የያዘ ሰው ዓይኑን መስታወቱ ላይ ተክሎ ከጓደኞቹ ሲርቅ አይታወቀውም፤ ምጽዋ ላይ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። ስለዚህ ለብቻሽ አትግቢ፤ ከአንዷ ጓደኛሽ ጋር ተጠባበቁ። ካሜራውን በሚንሳፈፍ ማንጠልጠያ፣ ቀይ ወይም ብርቱካናማ በሆነው፣ ክንድሽ ላይ እሰሪው፤ ብዙዎቹ ካሜራዎች ካመለጡ ይሰምጣሉ። ቢያመልጥሽ ግን ተከትለሽው አትውረጂ። ርካሹን ግዢ ያልኩሽ ለዚህም ነው፤ ለመተው የማያሳሳሽ ይሁን። ጀርባሽን ፀሐይ እንዳያቃጥለው እጅጌው ረጅም የሆነ ልብስ ልበሺ።

ያነሳሽውን በቴሌግራም ስትልኪልኝ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል አድርገሽ ላኪው፤ ካልሆነ ተጨምቆ ጥራቱ ይወርዳል። ዓሣው ብቻ አይሁን። ከውሃው ወጥተሽ መነጽርሽን ግንባርሽ ላይ ሰቅለሽ የምትስቂበትን ፎቶ ጓደኞችሽ ያንሱልሽ። ዳባት ያለችው አያትሽ ባሕር አይታ አታውቅም፤ ስልክ ላይ የሚታይ ነገር ደግሞ ዓይኗ አይለየውም። እኔ በትልቁ አሳጥቤ እወስድላታለሁ። ከእያንዳንዱ ፎቶ ጋር ቦታውንና ቀኑን ጻፊልኝ፤ የዓሣውንም ስም ካወቅሽ። አንዱን ለጥምቀት ስትመጪ ራስሽ ታስረጃታለሽ።

እመ ብርሃን ትከተልሽ።

አባትሽ