አባይ በልጅነቱ ስሙ

በአገራችን ለወንዝ ስም ሲወጣ እንደ ቤተሰብ ታላቅና ታናሽ ይለያል። ከጊቤ ጋር የሚቀላቀለው ታናሽ ወንዝ ግልገል ጊቤ ተብሏል፤ ከጣና በላይ ያለው አባይም ግልገል አባይ ይባላል። ግልገል የበግና የፍየል ልጅ መጠሪያ መሆኑን የማያውቅ የለም።

ግልገል አባይ የሚነሣው በጎጃም ደጋ፣ በሰከላ ወረዳ፣ ከግሽ ተራራ ሥር ነው። ምንጩ ግሽ አባይ ይባላል፤ ምእመናንም በጠበልነቱ ያከብሩታል። ስፔናዊው ፔድሮ ፓኤዝ እ.ኤ.አ. በ1618፣ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1770 ምንጩን ጎብኝተዋል።

ወንዙ ወደ ሰሜን ወርዶ ጣና ይገባል፤ ሐይቁን ከሚመግቡት ወንዞችም ትልቁ ነው። ባሕር ዳር ላይ ከሐይቁ ሲወጣ ግልገልነቱ ይቀርና አባይ ይባላል። በሱዳን ባሕር አል አዝራቅ ይሉታል፤ ካርቱም ላይ ከነጭ አባይ ጋር ከተገናኘ በኋላ ናይል ነው።

ክረምት ሲገባ ግልገል አባይ ደፍርሶ ይወርዳል። የሚያደፈርሰው ከተዳፋት ማሳ የታጠበ አፈር ነው፤ ከፊሉም ጣና ውስጥ ደለል ሆኖ ይቀራል። አፈር ሲሳሳ የጎተራው እህል ይቀንሳል። በደጋ መንደር ምንጭ ሲነጥፍ ደግሞ እንስራ አዝላ ርቃ የምትሄደው እናት ናት፤ ከትምህርቷ የምትቀረውም ልጃገረዷ ናት።

ስለዚህ እናቶችና እህቶች፣ እርከንና ችግኝ የወንዶች ጉዳይ ብቻ ተደርጎ አይታይ። ለልጆቻችን ስለ ታላቁ አባይ ስናወራ ግልገሉንም እናንሣላቸው፤ ግልገል የሚያድገው ጠባቂ ሲኖረው ነውና።